ልብስ ሰፊዋ ለምን አትቀመጥም?

ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚሄድ ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ? ብዙ ሰው ምንም አይልም፤ ስልኩን ያያል። እኔ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ሥነ ሕይወት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የሰው ነገር ካላጣራሁ እህል የማይወርድልኝ ሴት ነኝ። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሃያ ምናምን ወንበር ባዶውን ተደርድሮ ሳለ አንዲት ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት የብረቱን ምሰሶ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ቆማ ሳይ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ! ወንበሩ ሁሉ የእርስዎ ነው» አልኳት። ዛሬ ወዳጄ ስለሆነች ስተርክ አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አልተዋወቅንም ነበር።

«ይስጥልኝ፤ ቅርብ ወራጅ ነኝ» አለች።

ቅርብ ወራጅ ነኝ ያለችው ሴት አሥራ አንድ ፌርማታ ቆማ ሄደች። ቆጥሬያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ተያቸው፤ መቆም መብታቸው ነው» ብላ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ይህች ልጅ የቆዳ ስፔሻሊስት ሆና ከተመረቀች ገና ወሯ ነው፤ ያን ዕለትም የምንሄደው አዲስ ጋዋን ልታሰፋ ነበር። ጎበዝ ናት፣ እሳት የላሰች ናት፤ አንድ ጉድለቷ አክስቷን ማረም መውደዷ ነው።

ከአውቶቡስ ወረድን፤ ሴትየዋም ወረደች። ወደ ቀኝ ታጠፍን፤ እሷም ታጠፈች። የእህቴ ልጅ የምትሠራበት ክሊኒክ ጎበዝ የጋዋን ሰፊ አለች ብሎ የላከን ሱቅ በር ላይ ስንደርስ ሴትየዋ ከቦርሳዋ ቁልፍ አወጣችና ዞር ብላ «እኔን ነው እንዴ የምትከተሉኝ?» አለች። ሦስታችንም ሳቅን፤ ትውውቃችንም በዚሁ ተጀመረ።

ሱቋ አንዲት ክፍል ናት። ጋዋኖቹ ከረጅም ወደ አጭር ተሰቅለዋል፤ መቀሶቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድረዋል፤ ክሮቹም በየቀለማቸው። ዓይኔ ያረፈው ግን የስፌት መኪናው ላይ ነው። የጠረጴዛው አራት እግሮች ስር ብሎኬት ገብቶ መኪናው ደረቴ ድረስ ከፍ ብሏል፤ ከኋላው ወንበር የለም። ሴትየዋ በግራ እግሯ ቆማ በቀኟ ፔዳሉን እየረገጠች ነው የምትሰፋው። ጥግ ላይ ባለቤቷ፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ቁልፍ ይተክላል።

«ይቺ የመጨረሻ ጋዋኔ ናት» አለች ሜትሩን አንገቷ ላይ እየጣለች። «ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ መጥታ መኪናውን ትወስደዋለች። ሠላሳ ዓመት ሰፋሁ፤ በቃኝ። ማታ ማታ እግሬ አብጦ ጫማዬ አይወልቅልኝም።»

«ቁጭ ብሎ መስፋትስ?» አልኩ።

«አልወድም።»

ባልየው ከቁልፉ ላይ ቀና አለ። «ድሮ ትወድ ነበር» አለ ቀስ ብሎ፤ መልሶም አቀረቀረ።

ሴትየዋ «በቃኝ» ስትል እጇ የመኪናውን ራስ እየደባበሰ ነበር። በቃኝ ያለ ሰው እንዲያ አይደባብስም። ይህቺ ሴት መኪናዋን እየሰጠች ያለችው ተገዳ እንደሆነ ገባኝ፤ ምን እንዳስገደዳት ግን አላወቅሁም።

የእህቴን ልጅ ለክታ ጨርቁን ቆረጠች፤ ከዚያ መሀል ወለሉ ላይ አቆመቻትና የተቆረጠውን ጋዋን አለበሰቻት። ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ አንድ በአንድ እያወጣች ትሰካለች፤ ትከሻዋ ላይ አራት፣ ብብቷ ስር ስድስት፣ በጎንና በጎኗ አሥር። ልጅቷ ትንሽ ብትነቃነቅ እንደምትወጋ ስለገባት ትንፋሿን እንኳ በልክ አደረገችው።

«የምን ሐኪም ነሽ የኔ ልጅ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የቆዳ።»

ስፒል የያዘው እጅ አየር ላይ ቀረ። ሴትየዋ ጥቂት አሰበችና ወደ ባለቤቷ ዞረች። «አንተ፣ ነጭ ክር አልቋል። ሂድ ግዛ።»

ግድግዳው ላይ አሥራ አራት ነጭ ክር ተደርድሯል። ሰውየው አሥራ አራቱንም አየ፤ ኮቱን ለብሶ ወጣ። አርባ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው እንዲህ ነው።

በሩ ሲዘጋ ጠብቃ «አንዲት ጎረቤት አለችኝ» አለች።

እኔ ጆሮዬን አቆምኩ። በመምህርነት ዘመኔ «አንዲት ጓደኛ አለችኝ» ብለው ቢሮዬ የመጡ ተማሪዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም። አንዷም ጓደኛ ኖሯት አያውቅም።

«ምን ሆኑ ጎረቤትዎ?» አለች የእህቴ ልጅ፤ እሷም ገብቷታል፤ ፊቷን ግን እንደ ድንጋይ አደረገችው።

«ያሳክካታል።»

«የት ነው የሚያሳክካቸው?»

«ታች።»

«እግራቸውን?»

«ከእግር ከፍ ይላል።»

«ጉልበታቸውን?»

«ኧረ አንቺ ልጅ! ከጉልበትም ከፍ ይላል!»

«ብልቷን ነው እንጂ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ምን ላድርግ፣ ቃሉን ሠላሳ ሁለት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ሮጣ መስኮቱን ዘጋችው፤ ከዚያ በሩን፤ ከዚያ የግድግዳ ሰዓቱን ሳይቀር ልትዘጋው የፈለገች መሰለኝ። «በሕግ አምላክ! መንገድ ላይ ሰው አለ!» አለች፤ ግን ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ ነበር።

የእህቴ ልጅ ጥያቄዋን ቀጠለች። ከመቼ ጀምሮ ነው? ስምንት ዓመቱ። መቼ ይብሳል? ሲመሽና ሲሞቅ። መቀመጥስ? መቀመጥማ ቀርቷል፤ ሲሰነጠቅ እንደ ምላጭ ነው፤ ሽንትም ያቃጥላታል። የቆዳው መልክ ተለውጧል? በመስታወት አይታዋለች፤ ነጭ ሆኗል።

«ታዲያ ምን አደረጉበት?»

«ሻጋታ ነዋ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ አሁን በሙያዋ ገባች። «እርጥበት ያለው ጨርቅ ላይ ነጭ ነጥብ ከወጣ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ደግሞ በምን እንደሚለቅ እኔን ጠይቂኝ። ትኩስ ውሃ፣ የልብስ ሳሙና፣ በላዩ አቼቶ። ከዚያ በተተኮሰ ጨርቅ ማድረቅ። በቀን አራቴ።»

«አራቴ?!» የእህቴ ልጅ ስፒሉን ረስታ ዘለለች። «ዋይ!»

«አትነቃነቂ ብዬሻለሁ!»

«አቼቶ፣ እትዬ? ሰላጣ ላይ የሚፈሰው አቼቶ?»

«ሲሞቅ አምስቴ» አለች ልብስ ሰፊዋ በኩራት። «ጎረቤቴ ንጹሕ ሴት ናት። ማንም በቆሻሻ አያማትም።»

አንባቢዬ ሆይ፣ ስህተቷን ተመልከቱልኝ። ይህቺ ሴት ሰነፍ አይደለችም፤ ዝርክርክም አይደለችም። የጠፋችው በጉብዝናዋ ነው። ለጨርቅ የሠራውን ጥበብ ሁሉ ለገላዋ አዋለችው።

«እትዬ፣ ጨርቅ እኮ በድን ነው» አለች የእህቴ ልጅ፣ እጆቿ ወደ ጎን እንደተዘረጉ። «ቢቀቅሉት፣ ቢተኩሱት አይሰማውም። ቆዳ ግን ሕይወት አለው። የራሱ ወዝ አለው፤ እንዳይደርቅና እንዳይቆጣ የሚጠብቀው ያ ወዝ ነው። የዚያ ቦታ ቆዳ ደግሞ በጣም ስስ ነው። ሳሙናው ወዙን ጠርጎ ይወስደዋል፤ አቼቶው ያቃጥለዋል። ይደርቃል፤ ሲደርቅ ያሳክካል፤ ሲታከክ ይቆስላል። ጎረቤትዎ በሽታውን አጥበው የሚያስለቅቁት መስሏቸው እየቀለቡት ነው።»

«እና አትታጠብ ልትይኝ ነው? ሐኪም ሆነሽ ቆሻሻ ታስተምሪያለሽ?»

«ይታጠቡ እንጂ! በቀን አንዴ፣ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ። ሳሙና እዚያ ምን ሥራ አለው?»

«ውሃ ብቻ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ትልቅ ሰው መስክሪ እንደማለት። እውነቱን ልናገርና እኔም አፈርኩ። የክፍሎቹን ስም አንድ በአንድ አስተምሬያለሁ፤ በሳሙና አትሹት ብዬ ግን አንድም ልጅ አላስተማርኩም። ለምን? እኔንም ማንም አላስተማረኝም።

«እሺ፤ ቅባቱን ንገሪኝና ለጎረቤቴ ልግዛላት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ከዚህ በፊት ቅባት ሞክረዋል?»

«ሰባት ቱቦ! መድኃኒት ቤት ሄጄ የሚያሳክክ ነገር ስላቸው የፈንገስ ነው ብለው ሰጡኝ... ሰጧት። እንዲያውም አቃጠላት።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለቤትዎ አሁን ከመንገድ ገብተው ‹አንዲት ልጅ አየሁ፤ መካከለኛ ናት፤ ጋዋን ስፊላት› ቢሉዎት ይቆርጣሉ?»

ልብስ ሰፊዋ የተሰደበች ያህል ተቆጣች። «እኔ? ሳልለካ? መካከለኛ ምን ማለት ነው? ትከሻዋ ሰፊ ይሁን ጠባብ፣ ክንዷ ይርዘም ይጠር በምን አውቃለሁ? ትምጣና ልያት እንጂ!»

«እኔም ያው ነኝ። ፈንገስ ያሳክካል፤ ሳሙና ያስቆጣው ቆዳም ያሳክካል፤ በማከክ ብዛት የወፈረም ያሳክካል፤ እየነጣ የሚሳሳም አለ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ትምጣና ልያት።»

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አለቀ፣ ተረታች ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

«ጎረቤቴ እሺ አትልም» አለች ስፒሎቹን መልሳ እያነሳች። «በስልሳ ሁለት ዓመቷ፣ ልጇ ከምትሆን ልጅ ፊት እንዲያ ሆና ልትተኛ? ኧረ ወዲያ! ባሏ እንኳ በብርሃን አይቷት አያውቅም።»

«ጥርሳቸውን ቢያማቸው አፋቸውን አይከፍቱም?»

«አፍና ያ አንድ ነው?»

«ለእኔ አንድ ነው፤ የታመመ ገላ ነው። ቀን ሙሉ የማየው ቆዳ ነው፤ ቆዳ አያሳፍረኝም።»

«አንቺን አያሳፍርሽም፤ እሷን ነው የሚያሳፍራት! ደግሞም...» ድምጿ ወረደ። «የምትፈራው ሌላ ነገር ነው። ወይ ካንሰር ነው ይሏታል፣ ወይ ከወንድ የመጣ ነው ይሏታል። አንዱ እሷን ይገድላታል፤ ሌላው ባሏን ይገድለዋል። ሳታውቅ ብትኖር አይሻልም?»

«አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም እትዬ። ከሰው የማይመጣ፣ ወደ ሰውም የማይሄድ፣ በቅባት የሚታገሥ የቆዳ ሕመም ነው። ክፉ ነገር ቢሆን እንኳ ቶሎ የታየ ይሻላል። ስምንት ዓመት የተፈራው ምንም ሳይሆን ሊቀር ይችላል እኮ።»

«ስምንት ዓመት ምን አላት! የጎረቤቴ እናትም ይኸው ነበራት፤ ማንም አልሞተበትም። እናትየዋ በእርጅናዋ ቆማ ነበር የምትበላው። እኛ ልጆቿ ‹እማዬ ልትሄጂ ነው እንዴ? ተቀመጪ እንጂ› እያልን እንስቅባት ነበር። አንድ ቀን እንኳ...» እዚህ ላይ ቆመች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እናቴ አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም።»

ጎረቤትየዋ እዚሁ ላይ ጠፋች። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ማንም አላነሳትም።

«እኛም አልጠየቅናትም» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ እንባዋ ሜትሩ ላይ ጠብ አለ። የእህቴ ልጅ ሐኪምነቷንም ስፒሉንም ረስታ ተንደርድራ አቀፈቻት። ሃያ ስፒል ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ወጋቸው! እኩል ጮሁ፤ እኩል ተላቀቁ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቅ ያዛቸው። እኔም እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅ ገደለኝ።

ስትረጋጋ ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ጠርጋ ቀጥ ብላ ቆመች። «እሺ፤ እኔ ነኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቅር እንዳይልሽ። የክሊኒካችሁ መመርመሪያ አልጋ ላይ ሴት የምትሸፈንበትን አንሶላ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ሜትር በሰማንያ ሴንቲ! ይበቃል ብለው ልኩን የሰጡኝ እናንተ ናችሁ። ያ የማንን ገላ ይሸፍናል? ለእናንተ ጋዋን እስከ ጉልበት፣ ሦስት ኪስ፣ አምስት ቁልፍ። ለታማሚዋ እራፊ! እሷ እንደዚያ ተኝታ አንዱ በሩን በርግዶ ‹ካርድ ረስቼ ነው› እያለ ይገባል። ሴቶች ሐኪም ቤት አይመጡም እያላችሁ ትወቅሱናላችሁ። ማን ይመጣል?»

የእህቴ ልጅ የለበሰችውን ጋዋን ቁልቁል አየች። እኔ በበኩሌ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ይህቺ ልጅ ተሟግታ ስትረታ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ልክ ነዎት» አለች በመጨረሻ። «ያን ሁሉ ዓመት ስማር ይህን የነገረኝ የለም። እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምን ይሁን?»

ልብስ ሰፊዋ ጠመኔዋን አንስታ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ መሳል ጀመረች። ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ሰፊ ጉርድ፤ ለስላሳ ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ፤ ፊት ለፊት ሁለት ክንፍ እንደ መጋረጃ ተደራርቦ፣ ሐኪሟ ስትፈልግ መሀሉ ብቻ የሚከፈት። «ማየት ያለብሽን ታያለሽ፤ የቀረው ለእኔ ይቀራል» አለች። «በሩም ከውስጥ ይቆለፍ።»

«ይቆለፋል። ቁልፉን እኔ እይዛለሁ።»

«ሐሙስ እመጣለሁ። ልብሴን ሰፍቼ።» ወደ እኔ ዞረች፤ «አንቺም ትመጫለሽ። መስኮት ያስዘጋሽኝ አንቺ ነሽ፤ እጄን ትይዣለሽ።»

በዚህ መሀል ባለቤቷ አንዲት ነጭ ክር ይዞ ገባ። ሦስታችን ዓይናችን ቀልቶ ስንስቅ አገኘን። «ምን ሆናችሁ?» አለ። «ክር ስለመጣ ደስ ብሎን ነው» አለችው ሚስቱ።

ሐሙስ ዕለት በሩ ከውስጥ ተቆለፈ። ልብስ ሰፊዋ ጉርዷን ለብሳ እንደ ንግሥት አልጋው ላይ ወጣች፤ እኔ ራስጌዋ ቆሜ እጇን ያዝኩ። የእህቴ ልጅ ከመንካቷ በፊት ሁሉ «አሁን መብራቱን አቀርባለሁ፤ አሁን እነካለሁ፤ ካመመዎት ይበሉኝና አቆማለሁ» ትላለች። በደንብ አየች። ምርመራው ከማክሰኞው የጋዋን ልኬት ያነሰ ጊዜ ፈጀ።

«ሻጋታ አይደለም» አለች ስትጨርስ። «ቆዳው ነጥቷል፣ ሳስቷል፣ ቀጭን ስንጥቆች አሉት። ላይከን ስክለሮሰስ ይባላል።»

«ስሙ ራሱ ያሳክካል» አለች ልብስ ሰፊዋ ከጉርዷ በላይ።

የእህቴ ልጅ በዝግታ አስረዳቻት። ሰውነት ራሱን ሊጠብቅ ሲል የገዛ ቆዳውን በስህተት የሚያጠቃ ይመስላል፤ አንዳንዴም በቤተሰብ ይታያል። ቆሻሻ ያመጣው አይደለም፤ ባልም ያመጣው አይደለም። ሳሙናውና አቼቶው ደግሞ በላዩ አባሱት። ጨርሶ አይነቀልም፤ ግን ይታገሣል። ካልታከመ ቆዳውን እያጣበቀና እያጠበበ ይሄዳል፤ በጥቂት ሴቶች ላይም ከዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ነው ክትትል የሚያስፈልገው። «አንድ ቦታ ላይ ወፈር ያለ ቆዳ አይቻለሁ። ምንም አይመስለኝም፤ ግን በመመስለኝ አልተውም። አደንዝዤ የምስር ክክ የምታህል ናሙና ልውሰድ?»

የያዝኩት እጅ እጄን ጨመቀው። ከዚያ ላላ። «ውሰጂ» አለች። «እኔም ጨርቅ ስገዛ ናሙና ቆርጬ ነው የማየው።»

ቅባት ታዘዘላት፤ በየማታው አንድ ወር፣ ቀን እየዘለለ አንድ ወር፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ። መጠኑ የጣት ጫፍ አንጓ ግማሽ ነው ስትባል ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ጣቷን ለካች። «አንድ ሴንቲ ከሩብ» አለች። «እንዲህ ንገሩን እንጂ፤ ‹ትንሽ ቀቢ› ምን ማለት ነው?» ለማለስለሻ ሽታ የሌለው ቫዝሊን፣ ለመታጠቢያ ውሃ ብቻ፣ የውስጥ ሱሪ ሰፋ ያለ ጥጥ።

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ተደወለ። «ወረቀቱን አነበብኩት!» ትላለች ልብስ ሰፊዋ። «‹ስስ ቆዳ ላይ አይቀባም› ይላል! ልትገድይኝ ነው?» የእህቴ ልጅ አልተቆጣችም። ቅባቱ ብርቱ ስለሆነ ማንም እንዳሻው እንዳይቀባው የተጻፈ ነው፤ ለዚህ በሽታ ግን በልኩ፣ በተባለው ቦታ፣ በሐኪም ዓይን ሥር ከሁሉ የተሻለው መድኃኒት እሱ ነው አለቻት። «ጥያቄ ባለዎት ቁጥር ይደውሉ፤ ብቻ በፍርሃት አያቋርጡት።» አንድ ሴንቲ ከሩቡ ቀጠለ።

መኪናውን ልትወስድ የነበረችውን የወንድሟን ልጅ ለአንድ ወር አስታገሠቻት። የናሙናውን ውጤት ስንጠብቅ ያለፈችው ሳምንት ግን ለእኔም ረጅም ነበረች። ውጤቱ የመጣ ቀን ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ከእህቴ ልጅ እጅ ልትነጥቅ ደርሳ ነበር። «ካንሰር የለም» የሚለውን ስትሰማ ኮሪደሩ ላይ እልል አለች። ነርሶቹ የወለደች መስሏቸው ወጥተው አዩ።

ያን ምሽት ለባሏ ሁሉን ነገረችው። እሱ የተናገረውን የነገረችኝ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነው። «ስምንት ዓመት የቆምሽው ከእኔ ጋር ማዕድ ላለመቀመጥ መስሎኝ ነበር» አላት። ለካስ ሰውየው ብቻዋን እንዳትቆም ብሎ ስምንት ዓመት ሙሉ እሱም ቆሞ ነው የበላው! «ታዲያ ምነው አንድ ቀን ብትጠይቀኝ?» ስትለው «አንቺስ ብትነግሪኝ?» አላት። «ጉልበቴማ ካለቀ ቆየ፤ አንቺን ብዬ ነው።» ሁለቱም በዚያው ሳምንት ወንበር ሳቡ።

በስድስተኛው ሳምንት ብሎኬቶቹ ከጠረጴዛው ስር ወጡ። የወንድሟ ልጅም ስንት ለምና መኪናውን እንደተነፈገች ሰምቻለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች አብራ ትሰፋለች፤ ሥራው ለሁለትም በዝቷል። ክሊኒኩ ያን ጉርድ አርባ ፍሬ አዞ፣ አርባው ሳይበቃ ሌላ አርባ ጨመረ። ለምን ቢባል፣ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። አንዷ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ጠረን ባለው ሳሙና የተቆጣ ቆዳ ኖሯት ሳሙናውን በመተው ብቻ ዳነች። አንዷ አያት ናት፤ ከጭንቀት ጋር ስታክ ስታክ የወፈረ ቆዳ ይዛ መጣች። አንዷ እውነትም ፈንገስ ነበረባት፤ ሐኪሟ አይታ የፈንገሱን ሰጠቻት። እያንዳንዷ እንደየልኳ ማለት ነው።

እንግዲህ እኔ የድሮ መምህርት ነኝና ሳልደመድም አልወጣም። የሚያሳክክ፣ የሚነጣ፣ የሚሰነጠቅ ቆዳ የትም ቢሆን በሽታ ነው፤ ቦታው ኃጢአት አያደርገውም። ሳያዩ ቅባት መለዋወጥ ዕድሜ ይበላል፤ አጥብቆ ማጠብም መድኃኒት አይሆንም። በጊዜው የታየች ሴት እንቅልፏን ታገኛለች፣ ከባሏ ጋር ትቀመጣለች፣ ቆዳዋ ሳይጣበቅ ይተርፋል፣ ክፉ ነገር ቢጀምርም ገና በጥቃቅኑ ይያዝላታል። እናንተ ሐኪሞች ደግሞ፣ በሩን ቆልፉ፤ ሴትዮዋንም አልብሱ። እናቶች ቆመው ሲበሉ የምታዩ ልጆችም አትሳቁ፤ ጠይቁ።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄድኩ። መኪናው ከሩቅ ይሰማል። ገብቼ ሰላም አልኳት፤ እጇን ብቻ ዘርግታ ጨበጠችኝ። ሻይ ጠጣሁ፤ ወሬ አወራን፤ እሷ ሰማያዊውን ጥጥ ከመርፌው ስር አታወጣም። ልሄድ ስነሳ ትነሳለች ብዬ በሩ ጋ ጠበቅኋት፤ ሰው ሳትሸኝ ቀርታ የማታውቅ ጨዋ ሴት ናት። ወንበሯ ላይ ደላደል ብላ፣ ከልቧ እየሳቀች አየችኝ።

«በሩን ራስሽ ዝጊው» አለች። «ተቀምጫለሁ።»